በሙሉ ድምፅ ሊታሽ የነበረው እግር

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግራ እግር እንዲታሽ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ዕለት፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርሁ። እናንተ ሳቁ... እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ባሕር ዳር አስተምር ነበር፤ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው ተብሎ የቀበሌ ጸሐፊነት ያለ ፈቃዴ ተጫነብኝ። ሊቀመንበሩ ጓድ አስማረ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሰንብቶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ በመኪና ተጉዞ ተመለሰ። በማግሥቱ ግራ ባቱ አብጦ አደረ። ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት «ያስተኙኛል» አለ። ሐሙስ ሰልፍ ነበር፤ እሱ መድረክ ላይ ካልቆመ ሰልፈኛው መንገዱን የሚስት መስሎታል።

ስለዚህ እመይቴ የውብዳር ተጠሩ። ወጌሻ ናቸው። ፋብሪካ ቆመው የሚውሉ ሴቶች ወገባቸውን፣ ታንኳ ቀዛፊዎች ትከሻቸውን ይዘው ይመጡላቸዋል፤ በለጋ ቅቤ ታሽተው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ነገር ግን እመይቴ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ጥያቄ ያበዛሉ። ትኩሳት አለህ? ወድቀሃል? ያበጠው መቼ ነው? ቁስል ወይም ስብራት ከጠረጠሩ አያሹም። ዛሬ ሐይቁ ዳር ማሳጅ ቤት የከፈቱት ልጆች የሚጠይቁት «ጠንከር ይበል ለስለስ?» ብቻ ነው።

እመይቴ እግሩን አዩ። በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት... ከዚያ የቅቤ ዕቃቸውን ከደኑ።

«ይህን አላሽም።»

«ለምን አታሺም?» አለ፣ እናቱን የምታክል ሴት «አንቺ» እያለ። አብዮቱ «እርስዎ»ንም ከመሬቱ ጋር ወርሶት ነበር።

«የደከመ ሥጋ ይታሻል፤ የተቆጣ ሥጋ አይታሽም። ሁለቱን እግርህን አስተያያቸው ልጄ። አንዱ እግር ነው፣ አንዱ ግንድ ነው። ደግሞ ይግላል። ሐኪም ይየው።»

«ነገ በስብሰባ ትጠየቂበታለሽ!»

በማግሥቱ አዳራሹ ሞላ። ጓድ አስማረ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። «አጀንዳ አንድ» ብዬ የጻፍሁት ያንን እግር ነው። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ብድግ አለ።

«ጓዶች! ይህ በአብዮታዊ አመራር እግር ላይ የተቃጣ አሻጥር ነው!»

ተጨበጨበ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። እመይቴም ያውቃሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«አባቴም ወጌሻ ነበር። እንዲህ ያለ እግር አምጥተውለት አሸው። ሰውየው ትንፋሽ አጠረኝ እንዳለ ከመደቡ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንዲህ ያለ እግር አይነካም።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይታሽ የምትሉ?»

እጅ እንደ ሐይቅ ዳር ደንገል ቆመ። ባለ እግሩ ራሱ አነሣ። እኔም አነሣሁ። አዎ፣ እኔ፤ አንዲት ነጥብ የሳተ ተማሪ ደብተር የምመልስ ሴትዮ... ፈርቼ አነሣሁ። «የምትቃወሙ? የለም። በሙሉ ድምፅ!»

እመይቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አንድ ነገር ጻፊልኝ። እጁ የእኔ ነው፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። ሰውየው ቢሞት ብቻዬን እንዳልጠየቅ፣ እጁን ያነሣ ሁሉ ይፈርምልኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያነሣሁት እጄ ያሳፈረኝ። ብዕሬን ይዤ፣ እንደ ተማርሁት አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁና ጮክ ብዬ አነበብሁ። «የጓድ ሊቀመንበር ግራ እግር ታሽቶ ሕይወታቸው ቢያልፍ፣ ኃላፊዎቹ ከዚህ በታች የፈረምነው ነን።»

ወረቀቱን በመጀመሪያ ለፕሮፓጋንዳ ኃላፊው አቀበልሁት።

«መነጽሬን ቤት ረሳሁት» አለ። በዕድሜው መነጽር አድርጎ አያውቅም።

የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ወጥ እሳት ላይ ጥላ መምጣቷ ትዝ አላት። የወጣቶቹ ተጠሪ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ገለበጠውና «ለሐኪም ቢታይስ ጓዶች?» አለ። አንድ እንኳ የተቃወመው የለም። ብዕሬ አዳራሹን ዞራ፣ ቀለሟ ሳይነካ ተመለሰችልኝ።

ጓድ አስማረ ግንባሩን ላብ ላብ አለው። «ስንት ሰው ፈረመ?»

«ማንም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማንም?» ያንን ሁሉ እጅ አንድ በአንድ ቃኘው። ሁሉም ኪስና ነጠላ ውስጥ ገብቷል። «መኪና ጥሩ!»

ሆስፒታል ያደረስነው እኔና እመይቴ ነን፤ ሌላው ጓድ ሁሉ ሥራ በዝቶበታል። ሐኪሙ እግሩን ዳሰሰና ቀና አለ።

«ማን አሸው?»

«ማንም አላሸውም» አልሁ።

«እግዜር ይስጣችሁ። ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቷል። ቢታሽ ኖሮ ተነቅሎ ሳንባው ውስጥ ሊቀረቀር ይችል ነበር፤ ያኔ አበቃ።»

እመይቴ «ብያችሁ ነበር» ማለት የሚያምራቸው ሴት አልነበሩም። እሱን ለእኔ ተዉልኝ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ጓድ አስማረ ምርኩዝ ይዞ ስብሰባ መጣ። «የተጣደፈው የመታሸት ውሳኔ በአመራሩ አርቆ አሳቢነት ከሸፈ» የሚል ሪፖርት አሰማ። ተጨበጨበ። እኔም ቃል በቃል ጻፍሁት፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ እንጂ ማረም አልተፈቀደልኝም።

ስብሰባው እንዳለቀ ግን እያነከሰ ወደ እመይቴ ተጠጋ። «እመይቴ... ምርኩዙ ትከሻዬን ጎድቶኛል። ቢያዩልኝ?»

«ቢያዩልኝ» ነው ያለው! ደም ከረጋ በኋላ «እርስዎ» ተመለሰ።

እመይቴ ትከሻውን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። ትኩሳቱን ጠየቁ፣ እብጠት ፈለጉ፣ አጡ።

«ይህ እንኳ ደክሞ ነው፤ ይታሻል» አሉት። «ና ቁጭ በል። ድምፅ መስጠትም አያስፈልገውም።»