ካቴና የያዘው ጋቢ

ዘመናትን የሚያፈራርቅ እግዚአብሔር በሁሉ ይመስገን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከአንድ ብስክሌት አዳሽ በር ላይ ተሰቅሎ ያየሁት የካቴና፣ ማለት የብስክሌት ሰንሰለት፣ መሸፈኛ ቆርቆሮ ነው። «ዛሬ የሚጠይቀው የለም፣ አባ» አለኝ ባለቤቱ። እኔ ግን እጄን ከቆርቆሮው ላይ ማንሣት ተሳነኝ።

የቅኔ ተማሪ ሳለሁ የእናቴን መታመም ሰምቼ በውሰት ብስክሌት ወደ ቀያችን ገሠገሥሁ። ብስክሌቱ መሸፈኛ አልነበረውምና ካቴናው የጋቢዬን ጫፍ ነክሶ ወደ ውስጥ ሳበው። ወደፊትም ወደኋላም ብል እየጠበቀ ሄደ። የካቴናው ቅባት ግራሶ ግራሶ እየሸተተኝ፣ አጎንብሼ እንደ ታሰርሁ ቀረሁ።

አንድ ሸህ በበቅሎ ደረሱ።

«አብሽር ደብተራው! ለብረትም ትሰግዳለህ እንዴ?» ብለው ቢላዋ መዘዙ። «ልቁረጠው?»

«አይቁረጡት አባቴ! እናቴ የፈተለችው ነው፤ ታማብኝ ወደ እርሷ እየገሠገሥሁ ነው።»

«ታዲያ የምትደርሰው ለጋቢው ነው ለእናትህ?»

የጋቢውን ጫፍ አጥብቄ ያዝሁ። እሳቸውም ይህን አይተው፣ ካቴናውን የምታያይዘውን ትንሽ ሽቦ በቢላዋው ጫፍ ሲፈለቅቁ ብዙ ቆዩ። ካቴናው ሲፈታ ጋቢው ሳይቀደድ ወጣ።

ከደጃችን ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

«እስከ አሁን ስምህን ስትጠራ ነበር» አለችኝ አክስቴ።

ያ «አሁን» ከመድረሴ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደ ነበር ሳልጠይቃት፣ አክስቴም ከዓመታት በኋላ ዐለፈች። እኔም ይኸው በሸመገለ ዕድሜዬ ከዚያች ቃል መውጫ አላገኘሁም።

አንባቢ ሆይ፣ የምትወዳቸው በሕይወት ሳሉ ትደርስላቸው ዘንድ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ቤትህንም ከነቤተ ሰብህ ይባርክ።