የሰባተኛው ሰው ደም

ደም ስትቀዳ እጇ ቀላል ስለነበር የላቦራቶሪው ሰዎች «ንቢት» ይሏታል። ወግታ ከጨረሰች በኋላ «መቼ ነው የምትጀምሪው?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትወጋ አንድ ብልቃጥ ተሳስታ አታውቅም።

ታዲያ ይህችን ሴት ነው ዶክተሩ እቃ አጣቢ ያደረጋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡና የጠጣ ሰው ደም ውስጥ ምን ምን እንደሚገኝ ሊያጠኑ አሥራ ሁለት ፈቃደኞች ተመዘገቡ። ሁሉም ሦስት ቀን ከቡና ርቀው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ቡና የሌለበት ደማቸው ይቀዳል፣ ከዚያ ቡናው ተለክቶ ይሰጣቸዋል። የጥናቱ መሪ ዶክተሩም አርአያ ልሁን ብሎ ሰባተኛ ሆኖ ገባ። ንቢት ክንዱ ላይ ጎንበስ ስትል ትንፋሹ ቡና ቡና ሸተታት፤ አለቃ ነውና አፍራ ደሙን መቅዳቷን ቀጠለች። የሰባተኛው ደም ገና ከመጀመሪያው ቡና ሲገኝበት ግን ዶክተሩ በስብሰባ መሃል በጣቱ ጠቆማት። «ብልቃጥ አምታትታብን ነው!»

ምድር ቤት ወረደች። ስምንት ወር ሙሉ ብርጭቆ እያጠበች ስታብሰለስል ከረመች። እናቷ «ተይው ልጄ፣ ለፈጣሪ ስጪው» ይሏታል። እሷም «ፈጣሪ ሥራ ይበዛበታል እማዬ፤ ይቺን እኔው እይዝለታለሁ» ትላለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የምትፈልገው መርፌዋን ብቻ አልነበረም፤ ስሟን ካጠፋው ከዚያው አፍ ማስመለስ ነበር።

ጥናቱ በዚያው በአሥራ ሁለቱ ሰዎች እንዲደገም ሲወሰን፣ ጥናቱን ከውጭ ሆና ለምትከታተለው ተቆጣጣሪ ማመልከቻ ጻፈች። እንደ እኔ ያለች ዝርክርክ ዳግም እንዳታበላሽ የመጀመሪያው ደም በሁለት ብልቃጥ ይቀዳ፣ ባለቤቱ ራሱ አሽጎ ይፈርምበት፣ አንዱን እርስዎ ይቆልፉበት የሚል ነው። ዶክተሩ አንብቦ ሳቀ። «ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ እንዲህ ነው» አላት። አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አለች። ውስጧ ግን ይጨፍር ነበር።

ምክንያቱም የዶክተሩን ገመና የምታጥበው እሷ ናት። ሰውየው ያለ ቡና መዋል አይሆንለትም፤ የሚጠጣውም በላቦራቶሪ መለኪያ ብርጭቆ ነው፤ ከሌላው እቃ ጋር ተደባልቆ በየጠዋቱ ይወርድላታል። ቡና በተከለከለባቸው ሦስት ቀናትም አተላው ሥሩ ላይ እንዳለ ወረደ። ይዛው ብትሮጥስ? ብርጭቆ ይካዳል፣ ደም ግን የት ይሄዳል? አጥባ ደረደረችው።

ውጤቱ የሚነበብ ቀን እሷንም ጠሯት። ተቆጣጣሪዋ «የሰባተኛው ሁለቱም ብልቃጥ ቡና አለበት» አለች። ዶክተሩ ወደ ንቢት ዞሮ አፉን ከፈተ፤ እሽጉ ላይ የራሱን ፊርማ አየና ዘጋው።

«ሻይ... ሻይ ነው የጠጣሁት» አለ።

«ሻይም ካፌይን አለው፣ ልክ ነዎት» አለች ንቢት ለስለስ ብላ። «ቡና ሲቆላ የሚፈጠረው ነገር ግን ሻይ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ደሙ ውስጥ የተገኙት አምስት የቡና ንጥረ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ውጤት ከተቆጣጣሪዋ እጅ ተቀብላ ለዶክተሩ አቀበለችው። «እርስዎ ያንብቡልን።»

ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «እህቴ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ አታዋርጂኝ።»

ልታዝንለት ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ጮክ ብለው!» አለችው።

ዶክተሩ መነጽሩን አደረገ። «ካፌይን...» አለና ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ይቀጥሉ» አለች ንቢት፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች፤ «ገና አራት ይቀራል።»