የሞቁት ካንዴላዎች

ብርድ በጠናበት ጠዋት ሁሉ የሕንፃው ዘበኛ ዓይን አንዲት አዛውንት ላይ ያርፋል። ሴትዮዋ ፎጣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ከደረጃው ይወርዳሉ። በፎጣው የተጠቀለሉት ምድጃ ዳር የሞቁ፣ የመኪናቸውን ሞተር የሚያስነሱ ካንዴላዎች ናቸው፤ ማታ ማታ ብርዱን ፈርተው እየፈቱ ቤት ያሳድሯቸዋል። የካፖርታቸውን እጅጌ ይሰበስቡና የአሮጌዋን መኪና ኮፈን ከፍተው፣ መጀመሪያ በጣታቸው፣ ኋላ በመፍቻ፣ አንድ በአንድ ያስሯቸዋል።

ዛሬ ዘበኛው አላስችል አለው። «እማማ፣ ልግፋልዎት?»

«ምን ሆና ትገፋለች? አልታመመች፤ በርዷት ነው።»

ገብተው ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ተነሳች። ሴትዮዋ ልጅ የዳሩ ያህል ቀና ብለው ግቢውን ቃኙት።

«ይህን ሁሉ ያስተማሩዎት ባለቤትዎ ናቸው?»

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ከደረጃው ሲወርዱ አዩና፣ እጃቸውን ዘርግተው የጎኑን በር ከፈቱላቸው።

«እሱ? መሪ ጨብጦም አያውቅ! ታክሲ ስነዳ አንድ ቀን በዚችው መኪና ተሳፈረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም።»