ከእሑዱ በፊት ያሉት ቀናት

መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው። ቡሬ ከተማ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ሳስተምር፣ ከኋላዬ ሰው ያለ መሰለኝ። ዞርኩ። ከሰሌዳው በቀር ምንም የለም።

ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። ቁጣ መጣ። ቀጥሎ፣ «አንቺ ባትኖሪ ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ። የሰው ድምፅ ቢሆን በተሻለኝ፤ የራሴ ሐሳብ ነበር። ከሳምንት በኋላ ይለቀኛል፤ ያስቀየምኳቸውን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደግሞ ይመለሳል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ባለቤቴ የሥራ ብዛት ነው አለ። ጎረቤቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ጠበል ተጠመቅሁ፤ ልቤ ትንሽ አረፈ፣ ግን ተመለሰ።

አንድ ከሰዓት ገበያ መሃል የሦስት ዓመት ልጄን እጅ ለቀቅሁ። ከእኔ ብትርቅ ይበጃታል ብዬ። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሄድሁ። ጠራችኝ። ሰማኋት። አልዞርኩም።

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ልጄን አዝላ ደረሰችብኝ። እስከ ቤቴ አብራኝ ሄደች።

በሳምንቱ እናቴ ከቋሪት መጣች። ሁሉን ነገርኳት። መቼ መቼ እንደያዘኝ አንድ በአንድ ጠየቀችኝና፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገር የሚይዝሽ ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀሪበት እሑድ በፊት ነው» አለችኝ። የወር አበባዬን ማለቷ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ማንም ያላየውን ግን እሷ አየች።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ደሜንና ታይሮይድ የሚባለውን የአንገቴን ዕጢ አስመረመረች፤ ደህና ነው። ሁለት ወር ስሜቴን በየቀኑ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ደብተሩን ስታየው እናቴ ያለችው ትክክል ነበር። ሕመሙን ፒኤምዲዲ አለችው፤ ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ከባድ የስሜት መታወክ ነው።

«ሆርሞንዎ አልተበላሸም» አለችኝ። «ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በየወሩ በሴት ሁሉ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ስሜትን የሚያረጋጋውን ሴሮቶኒንንም ይነካሉ። የእርስዎ አንጎል ይኸን ለውጥ አይችለውም። ጥፋትዎ አይደለም።»

እናቴ፣ «ለካ ስም አለው» አለችና አለቀሰች።

ያዘዘችልኝን ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት ጀምሬ፣ ቀኖቹንም ከባለቤቴ ጋር አስቀድመን እያወቅናቸው፣ በሦስተኛው ወር ያ ሳምንት መጥቶ እንደ ተራ ድካም አለፈ። አሁንም ይመጣል፤ እኔን ግን ይዞኝ አይሄድም። ልጄ አድጋለች፤ ገበያ ስንሄድ እስከ ዛሬ እጄን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። ታስታውስ እንደሆን ጠይቄያት አላውቅም።

እናቴንና ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ያችን ሽንኩርት ሻጭ ፈልጌ አጣኋት፤ ባለችበት ይድረሳት። አንቺም እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ ቀኑን ጻፊ፣ ለሐኪም አሳዪ። ያ ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ብቻሽን አትቀመጪ፤ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሪ። እኔ ሁለት ዓመት የዘገየሁት መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ አፍሬ ነው።