ሜትሮና የሰሜኑ ግድግዳ

ሜትሮ ሮማኒሺን በዕድሜው ሙሉ የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርድን። ልጅ ሳለ፣ ወላጆቹ ሜዳው ላይ ቆፍረው ሣር ባለበሱት ጎጆ ውስጥ፣ ታናሽ እህቱ አጠገቡ እንደተኛች በብርድ ሞታለች። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በበጋ ሙቀት ሹራብ ደርቦ ሲሄድ ባየውም ስቄበት አላውቅም።

እኔ ሃፊያ ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቱ ነበርኩ። በእኛ መንደር በረዶ ሲጥል ሰው ከመኪናው በፊት የሚያስበው ለቤቱ ግድግዳ ነው። በሰሜን በኩል በረዶውን እስከ መስኮቱ ይከምርና በአካፋ ጀርባ ይጠቀጥቀዋል፤ ነፋስ እንዳይገባ። የሜትሮን ያህል አሳምሮ የሚከምር አልነበረም። ባሌ ከሞተ በኋላ የእኔንም ቤት የሚከምርልኝ እሱ ነበር፤ አመሰግናለሁ ስለው እየተቆጣ።

ጋዝ ወደ መንደራችን በገባ ዓመት፣ ከተማ ውስጥ ቤት የሚያሞቅ የጋዝ ምድጃ የሚተክለው ልጁ ኦረስት መጣ። መስኮቶቹን ቀይሮ፣ ስንጥቁን ሁሉ ደፍኖ፣ የድሮውን የከሰል ምድጃ ከምድር ቤቱ አወጣና አዲሱን ተከለ። ከዚያም የሰሜኑን ግድግዳ ይበሳ ጀመር። ክንድ የሚያስገባ የአየር ቱቦ አስገብቶ በውጭ በኩል የቆርቆሮ ቆብ አደረገለት። ነፋስ የሚያመጣው በረዶ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ አድርጎታል።

ሜትሮ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያይ ቆየ።

«ሰው ሁሉ ቀዳዳ ይደፍናል፤ የእኔ ልጅ ይበሳል! ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?»

«አባዬ፣ ቤቱ አሁን እንደ ማሰሮ ተከድኗል። እሳቱ አየር ካላገኘ ጭሱ በጭስ ማውጫው አይወጣም፤ ወደ ቤት ይመለሳል። አይታይ፣ አይሸት! ሰው እንቅልፍ የያዘው እየመሰለው ነው የሚሞተው።»

«እና በብርድ ልሙትልህ?»

«አክስቴ ሃፊያ፣ አንቺ ንገሪው እንጂ!»

«እኔ ምን አገባኝ?» አልኩ። «ጨርቅ እንደሚወትፍበት ግን ከፊቱ ያስታውቃል።»

ኦረስት ይህን ያውቃል። ከስንቱ ሰው ቱቦ ካልሲና ጓንት ጎትቶ አውጥቷል። ስለዚህ አባቱን በሟች እናቱ የማርያም ሥዕል ፊት አቁሞ አስማለው፤ ጨርቅም ቢሆን፣ ጋዜጣም ቢሆን፣ ምንም ነገር ቱቦው ውስጥ ላይከት። ሜትሮ እያጉረመረመ ማለ። በውጭ ስለሚከመረው በረዶ ግን ማናችንም ቃል አላነሳንም። አድገንበታል፤ ማን ያስበዋል?

የዚያ ዓመት ክረምት በረዶ ሳይጥል፣ በደረቁ ነበር ብርዱ የገባው። ኦረስት እሁድ እሁድ ሲመጣ አባቱን ከመሳሙ በፊት ወደ ምድር ቤት ይወርድና እጁን ቱቦው አፍ ላይ ይይዛል። «እየገባ ነው» ይልና ፊቱ ይፈታል። ሜትሮ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጥ ቤት ተቀምጦ የልጁን ሙያ ይራገማል። ቱቦውን ግን አልነካውም። እኔም ወርጄ አይቻለሁ፤ ቃሉን ጠብቋል።

ከገና በኋላ በረዶው በአንድ ጊዜ ወረደ። ጋብ ሲል ሜትሮ አካፋውን ይዞ ወጥቷል፤ የሰሜኑ ግድግዳ ከእኔ ቤት አይታይም። በማግስቱ ማዕበሉ ተመልሶ መንገዱን ዘጋው። ኦረስት ስልክ ደወለለት። የተባባሉትን ኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

«ቱቦውን ነካኸው እንዴ?»

«ምያለሁ አይደል? ምን ትነዘንዘኛለህ! ገና ዛሬ ሞቀኝ፣ ልጄ። መስኮቱ ሁሉ፣ እናትህ ጎመን ስትቀቅል እንደሚሆነው፣ ላብ በላብ ሆኗል።»

«አባዬ፣ ምን አደረግክ?»

«ምን አደርጋለሁ? ግድግዳዬን ከመርኩ፤ እንደ ወትሮው እስከ መስኮቱ። ራሴን ትንሽ ያመኛል እንጂ...»

«ውጣ! አሁኑኑ በሩን ክፈትና ውጣ!»

«በዚህ ብርድ? አብደሃል እንዴ? ቆይ፣ ትንሽ ልረፍና...»

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ወዲያው ለእኔ ደወለ። ቃሉን አልጨረሰም፤ ካፖርቴን ያዝኩ። ያቺን አጭር መንገድ ነፋሱ እየጣለኝ በእጄና በጉልበቴ ተሻገርኩ። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ እንዴት ያለ ደስ የሚል ሙቀት ነበር! ሜትሮ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ነበር። ፊቱ ቀልቶ ወጣት መስሏል። በብብቱ ይዤ በረዶው ላይ ጎተትኩት። «ተነስ፣ አንተ ደረቅ!» እያልኩ ሰደብኩት፤ ጉንጩን መታሁት። አልተነሳም።

እዚያው ብቀመጥ የማብድ መሰለኝ። አካፋውን ከደጁ አንስቼ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞርኩ። ክምሩ እስከ መስኮቱ ደርሷል፤ ተጠቅጥቆ፣ ተስተካክሎ፣ አንድ ስንጥቅ የለበትም። የቆርቆሮው ቆብ እስኪወጣ ድረስ እያለቀስኩ ናድኩት።

በማግስቱ ኦረስት የበረዶ መጥረጊያውን መኪና ተከትሎ ደረሰ። አባቱ አልጋው ላይ ነበር፤ አጥቤ፣ ነጭ ሸሚዙን አልብሼዋለሁ። ኦረስት በዚያ በኩል ሳያይ አለፈና ወደ ምድር ቤት ወረደ። ተከተልኩት። ቱቦው ባዶ ነው፤ ክር እንኳ የለበትም። ተንበርክኮ እጁን አፉ ላይ ያዘ።

«እየገባ ነው፣ አክስቴ ሃፊያ» አለኝ። እጁን ግን አላነሳም።