ያልተሰማው ሒሳብ

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን የመጣው ኦዲተር ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ዋለ፤ አንድ ወጪ ላስረዳው ብጠጋ ቀና ሳይል በእጁ መለሰኝ። ደሜ ፈላ። የተናደድኩት ግን በእሱ ብቻ አልነበረም።

በስደት ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ሳለን፣ ማራገቢያው አቧራ ከማዞር በቀር ምንም በማይፈይድበት ክፍል ውስጥ የሒሳብ አያያዝ እማር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ላቡን እየጠረገ፣ «ኦዲት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ ላቲን፣ ትርጉሙም «መስማት» እንደሆነ ነገረን፤ ጥንት ሒሳብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ኦዲተሩ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር አለን። ለእናቴ እስክነግራት ቸኮልኩ።

እናቴ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበረች። በዚያ ሰሞን፣ ወደ ሊቢያ ሊሻገር መጥቶ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ከተማ በቀን ሥራ ላይ ሳለ የሞተን አንድ ወጣት፣ የእድሩ አባል ሳይሆን በእድሩ ገንዘብ አስቀብራ ስለነበር፣ «ለራሷ በልታው ነው» የሚለው ሐሜት ሴቶቻችን ከሚሠሩባቸው፣ የሀብታሞች ሰፈር ከሆነው ከካፉሪ ቪላዎች እስከ በራችን ደርሷል። የ«ኦዲት»ን ትርጉም ስነግራት ፊቷ በራ፤ «እንግዲያው ይስሙኛ!» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ እያጠበች፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እዚያው ተወልደው አማርኛ ለሚቸግራቸው ዐረብኛ እየቀላቀለች የምትናገረውን ስትለማመድ፣ እኔና እህቴ በሳቅ እንሞት ነበር።

የስብሰባው ዓርብ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። አፏን ሳትከፍት ሊቀመንበሩ ጋሽ ወርቁ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ አልማዝዬ፣ ምን በወጣሽ! እኛኮ እናምንሻለን!» አሉ። ሲያሟት የከረሙት ሁሉ፣ ሴትን ሰው ፊት ማስጨነቅ ነውር መስሏቸው፣ ከማንም በላይ አጨበጨቡ፤ ከዚያም የወንዙ ድልድይ ሳይጨናነቅ ለመሻገር እየተሯሯጡ ወጡ። እናቴ እንደቆመች ቀረች። በሳምንቱ ሐሜቱ ብሶ ተመለሰ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ጭብጨባ ነው፤ ሰድበዋት ቢሆን መልስ ትሰጥ ነበር፣ በአክብሮት አፏን ሲዘጉት ግን ምን ታድርግ?

የሱዳኑ ጦርነት ያን ሁሉ ሰው በተነው። ያጨበጨቡት የት እንደደረሱ፣ የካርቱሙ ቤታችን ይቁም ይፍረስ አላውቅም፤ ጋሽ ወርቁም ሞቱ ሲሉ ሰማሁ።

ኦዲተሩ ያናደደኝ ዕለት እቤት ገብቼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ልትናገሪ የነበረውን ንገሪኝ፤ እኔ ልስማሽ» አልኳት።

«አንቺማ ታምኚኛለሽ» አለች። «መስማት የነበረባቸው የማያምኑኝ ነበሩ።»