ድንጋዩን ማን ይሸከም

ከጎንደር ልወጣ በዋዜማው፣ አመሻሹ ላይ፣ አጎቴ አያ ቢተው ከዳባት ድረስ መጡ። ሊሰናበቱኝ መስሎኝ ነበር፤ የመጡት ግን ስለ ገብስ ነው። ጎረቤታቸው ጌጡ «የቢተው ነጭ ገብስ ካባቴ ማሳ የተሰረቀ ነው» ብሎ በሰው ፊት ተናግሮ፣ ሁለቱ ቤቶች ለቅሶ እንኳ መደራረስ ትተዋል። እኔ ደግሞ ለትምህርቴ ከሁለቱም ማሳ ቅጠል ወስጄ ዘረመሉን በላቦራቶሪ አስነብቤ፣ የወጣውን የፊደል ሰልፍ በፍላሽ ይዤ ነበር።

«ኮምፒዩተርሽን ጠይቂ። የሱ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ እወድቃለሁ፤ የኔ ከሆነ እሱ ይሸከም» አሉኝ።

ጀርመን ስገባ የአየር ማረፊያው ፖሊስ ፊቱን ቋጥሮ ፍላሼን አገላብጦ ምን እንዳለበት ጠየቀኝ።

«ገብስ» አልኩት።

«የታል ገብሱ?»

«በፊደል ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየደጁ የጠበቀኝ ያው የፖሊሱ ፊት ነው። የዩኒቨርሲቲው ትልቁ ኮምፒዩተር ኃላፊ ፈቃድሽ አልደረሰም እያለ አመላለሰኝ። ያረጀው ላፕቶፔም ፕሮግራሙ ሲጫንበት እምቢ አለ። በመጨረሻ አንድ ኬንያዊ ተማሪ ብራውዘር ላይ የሚሠራ ገጽ አሳየኝ። ምንም ሳትጭኑ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ፣ ፋይሉን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፤ እዚያው የዘር ሐረጉን እንደ ዛፍ ይስልላችኋል። እዚህ አገር ፊት ሳይነሣ ያስተናገደኝ ያ ገጽ ብቻ ነው።

አከራዬ የላፕቶፑን ጩኸት በግድግዳ ሰምታ መጣች። የገብስ ዘመድ እየቆጠርኩ ነው ብላት፣ ገብስ ዘመድ የለውም፣ መብራት ግን ይበላል አለችኝ። እኛ ዘንድ ደጅ የቆመ ሰው ግባ ይባላል። እሷ የኔን ደፍ አታልፍም፣ የሷንም አታሳልፈኝም።

ዛፉ ወጣ። የአያ ቢተውና የጌጡ ገብስ አንድ ጫፍ ላይ ተጣብቀዋል፤ የሚለያቸው አንድም ፊደል የለም። ሥሩ የት እንደሚሆን መምረጥ ደግሞ ለኔ የተተወ ነው። የአያን ቅርንጫፍ ስነካ የሳቸው ገብስ ታላቅ መስሎ ይወጣል፤ የጌጡን ስነካ ደግሞ የጌጡ። የፈለግሁትን ፎቶ አንሥቼ ብልክ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ገጹን ዘጋሁና አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ንዴት ነው።

እሑድ ደወልኩ። ጌጡ አልጋ ይዟል። አያ ቢተው ሄደው ሳይጠይቁት የኔን ቃል እየጠበቁ ኖረዋል።

«አያ፣ ገብሱ አንድ ነው። ማን ከማን እንደወሰደ ግን አይናገርም» አልኳቸው።



«ታዲያ ድንጋዩን ማን ይሸከም?»

«እርስዎ ይሸከሙ። ሰውየው ታሟል።»

«ምነው፣ ይችን ልትነግሪኝ ነው እዚያ ድረስ የሄድሽው?» አሉና ዘጉብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሣው ልጃቸው ናት። ጌጡ ተሻለው ወይ፣ አባትሽስ ጠየቁት ወይ እላታለሁ። እሷ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ትለኛለች።